አንድ አቅራቢ፣ ብዙ ጣት

የደም ስኳር መለኪያ ወጪው ማሽኑ ላይ አይደለም። ማሽኑ ውስጥ የሚሰካው ትንሽ የመለኪያ ቁራጭ፣ ስትሪፑ፣ ላይ ነው። ማሽኑ አንዴ እጅ ከገባ ለዓመታት ይሠራል። ስትሪፑ ግን አንዲት ጠብታ ደም ይጠጣል፣ ጥቂት ሰከንድ ያገለግላል፣ ከዚያ ይጣላል። በቀን አምስት ጊዜ የሚለካ ሰው በዓመት 1,825 ስትሪፕ ይጨርሳል። የአንዱ ኩባንያ ስትሪፕ ደግሞ በሌላው ማሽን አይሠራም። ኩባንያዎች ማሽኑን በነጻ ሲያድሉ ደግነት ይዟቸው አይደለም። ማሽናቸውን የያዘ ሰው ስትሪፑን ከእነሱ ከመግዛት ሌላ መንገድ እንደሌለው ስለሚያውቁ ነው።

ወጪውን መንግሥት መሸፈን ሲጀምር ይህ ሒሳብ ይገለበጣል። ብዙ ሺህ ትንንሽ ገዢዎች ይቀሩና አንድ ትልቅ ገዢ ይመጣል። ትልቅ ገዢ መደራደር ይችላል። "ከእናንተ አንዳችሁን ብቻ ነው የምመርጠው። የሕዝቡ ስትሪፕ በሙሉ ከዚያ አንድ ድርጅት ይገዛል። በሉ ዋጋችሁን አምጡ" ይላል። ኩባንያዎቹ ዋጋ ይሰብራሉ። አንዱ ያሸንፋል። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ወጪ የሚገኘው የአሸናፊው ማሽንና ስትሪፕ ብቻ ነው። ሌላ የፈለገ ከኪሱ ይከፍላል።

እኔ ታይፕ 1 የስኳር በሽታ ያለብኝ፣ ሰውነቴ ኢንሱሊን ስለማያመነጭ የምወጋ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር ውስጤ ሁለት ሰዎች ይጣላሉ። ግብር ከፋይዋ "እሰይ! በርካሽ ተገዛ" ትላለች። ጣቷን የምትወጋዋ ደግሞ ፊቷን ታጨማድዳለች። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው።

መንግሥታዊ ግዥ ላይ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል፣ አሁንም አልተስማማንም። "ስሚኝማ" ይለኛል፣ "ሁለት አሸናፊ ይኖራል ካልሽ ማንም የልቡን ዋጋ አይነግርሽም። ዋጋ የሚወርደው ሙሉውን ገበያ አጣለሁ ብለው ሲደነግጡ ነው።" ይህን ሲል ዓይኑ ያበራል። ሙያውን የሚወድ ሰው ነው።

እሱ ሁልጊዜ የሚጠቅሰው ኒውዚላንድን ነው። እዚያ ፋርማክ የሚባል ተቋም አለ። ከ1993 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሕዝብ ገንዘብ የትኛውን መድኃኒት እንደሚገዛ የሚወስነው እሱ ነው፣ በድርድርም ኃይለኛ ነው ይባላል። ይህ ተቋም 2012 ላይ የስኳር መለኪያንም በአንድ አቅራቢ ለመጠቅለል ወሰነ። ቀድሞ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ማሽኖች ጎን ለጎን ይሸፈኑ ነበር። ያሸነፈው ኬርሴንስ የተባለው የደቡብ ኮሪያ ምርት ሆነ። ይድናል የተባለው ገንዘብ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ነበር። ለትንሽ አገር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዚያ ላይ ፋርማክ የተወሰነ በጀት ነው ያለው፤ ከስትሪፕ የተረፈው ለሌላ በሽተኛ መድኃኒት መግዣ ይሆናል።

ሰዉ ግን ዝም አላለም። ፊርማ ተሰበሰበ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። "አዲሱ ማሽን የሚሰጠኝ ቁጥር ከድሮው አይገጥምም" የሚሉ በዙ። "የልጄን ማሽን ለምን ትነኩብኛላችሁ" የሚሉ ወላጆች ነበሩ። ባለሥልጣናቱ ማሽኑ ደረጃውን ያሟላል ብለው መለሱ። በዚያን ጊዜ ኒውዚላንድ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ገበያ ከመግባቱ በፊት እንደ መድኃኒት በመንግሥት ተመርምሮ የሚፈቀድበት አሠራር አልነበረም፤ ይመዘገባል እንጂ። ይህ ደግሞ የሰዉን ጥርጣሬ አባባሰው ብዬ አምናለሁ። ማን አይቶ አረጋገጠልኝ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኒውዚላንድ የመረጠችው አንድ አቅራቢ እንጂ አንድ ማሽን አይደለም። ከዚያው ኩባንያ ሦስት ዓይነት ማሽን ቀርቦ ነበር። እኔና ወዳጄ የምንስማማበት ነጥብ ካለ ይቺ ናት። አንድ አቅራቢ ማለት የግድ አንድ ማሽን ማለት አይደለም። ውሉን የሚጽፉ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያምታታሉ።

አሁን ወደ ጣቴ ልመለስ። "ቁጥሩ አይገጥምም" የሚለው ቅሬታ ለማያውቅ ሰው የለመደውን ማሽን የሙጥኝ ያለ ሰው ወሬ ይመስላል። አይደለም። ለቤት መለኪያ ማሽኖች የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 15197 ይባላል። የ2013ቱ እትም የሚጠይቀው እንዲህ ነው፦ ከውጤቶቹ 95 በመቶው፣ ስኳሩ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ሲሆን ከላቦራቶሪው ቁጥር 15 ሚሊግራም ወዲህና ወዲያ፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ 15 በመቶ ወዲህና ወዲያ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ከዚያ በፊት የነበረው የ2003ቱ ከፍ ላለ ስኳር እስከ 20 በመቶ ይፈቅድ ነበር።

ይህን ወደ ሰው ቋንቋ እንመንዝረው። እውነተኛው ስኳሬ 200 ነው እንበል። ማሽኔ 170ም ቢል 230ም ቢል "ደረጃውን አሟልቷል"። አሁን ሁለት ማሽን አስቡ። አንዱ ሁልጊዜ 10 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው 10 በመቶ ያህል ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱም ፈተናውን ያልፋሉ። ለዚያው ደም አንዱ 220፣ ሌላው 180 ይሰጡኛል። የ40 ልዩነት ነው። 1 ዩኒት ኢንሱሊን 40 ለሚያወርድለት ሰው ይህ የአንድ ሙሉ ዩኒት ልዩነት ነው። ለሕፃን ልጅ ደግሞ የዩኒት ሽራፊ እንኳ ብዙ ነው።

ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ ይከፋል። ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል እንላለን፤ ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው። እውነተኛው ቁጥር 70 ለሆነ ሰው ማሽኑ ከ55 እስከ 85 ቢያሳይ ደረጃው ይፈቅድለታል። 85 ያየ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። 55 ያየ ሰው ወደ ስኳር ዕቃው ይሮጣል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የምንኖረው? ማሽናችንን በመልመድ። የእኔ ማሽን ከላቦራቶሪ ውጤቴ ጋር ሳስተያየው ትንሽ ከፍ ማድረግ እንደሚወድ አውቃለሁ። 78 ሲለኝ ሰውነቴን እጠይቃለሁ። ላብ አለ? እጄ ይንቀጠቀጣል? ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ በመኖር የመጣ ነው። ማሽኑ ሲቀየር ይህ ዕውቀት አብሮ ይጣላል። የጨረታ ሰነድ ላይ ግን "ታማሚው ስለ ማሽኑ ያካበተው ዕውቀት" የሚል መስመር የለም። ዋጋ የለውምና አይቆጠርም።

ወዳጄ እዚህ ጋ ይቆጣል። "እሺ፣ ማሽን ማንም በፈለገ ጊዜ ይቀይራል፤ ኩባንያው ራሱ ሞዴሉን ያቆማል። ያኔ ማን ይጮሃል?" ይለኛል። እውነት አለው። መቀየር በራሱ ወንጀል አይደለም። ሁሉም ሰው በአንድ ወር ውስጥ፣ በትእዛዝ፣ አሮጌው ስትሪፕ ቆሞበት ሲቀይር ነው ችግሩ። ሁለቱን ማሽን ጎን ለጎን ይዞ፣ በአንድ ጠብታ ሁለቱንም እየሞከረ የሚከርምበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ለዚያ የሚሆን ትርፍ ስትሪፕ መስጠት ገንዘብ ያስወጣል። ከሚድነው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም አይደለም።

የመለኪያ አሃዱም ጉዳይ አለ። አንዳንድ አገር ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር ይነበባል፣ ሌላው አገር በሚሊሞል በሊትር። የመጀመሪያውን ለ18 ስታካፍሉት ሁለተኛውን ታገኛላችሁ። 180 እና 10 አንድ ነገር ናቸው ማለት ነው። ከዚህ በፊት አንዳንድ ማሽኖች ሲወድቁ ወይም ቀንና ሰዓታቸው ሲስተካከል አሃዱን ራሳቸው እየቀየሩ ተገኝተው ማስጠንቀቂያ ወጥቶባቸዋል። ለአንድ ሕዝብ አንድ ማሽን ሲታደል ይህ ቅንብር ተቆልፎ መምጣት አለበት። የነጥብ ቦታ ተሳስቶ ያነበበ አዛውንት ላይ ጣት መቀሰር አይገባም።

ይህ ሁሉ ግን ለብዙኃኑ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከመደበኛው ውጪ ያለው ሰው ነው።

ስትሪፑ ላይ ስኳሩን የሚያነብ ኢንዛይም አለ። አንዳንዱ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይጠቀማል፣ አንዳንዱ ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ። ሁለተኛው ራሱ ዓይነት ዓይነት አለው። ጂዲኤች-ፒኪውኪው የሚባለው ዓይነት ግሉኮስን፣ ማለትም የምንለካውን የደም ስኳር፣ ማልቶስ ከሚባል ሌላ ስኳር መለየት አይችልም። ለአብዛኛው ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ደማችን ውስጥ ማልቶስ አይንሸራሸርም። የኩላሊት እጥበቱን በሆድ በኩል የሚያደርግና አይኮዴክስትሪን ያለበት ፈሳሽ የሚጠቀም ሰው ግን ደሙ ውስጥ ማልቶስ አለ። ማሽኑ ያንን እንደ ስኳር ይቆጥረዋል። እውነተኛው ስኳር ወርዶ ሳለ ማሽኑ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ሰውየው ኢንሱሊን ይወጋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2009 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ1997 ጀምሮ ከእንዲህ ዓይነት ስትሪፖች ጋር የተያያዙ 13 ሞቶች ሪፖርት እንደደረሱት ገልጿል። ማሽኖቹ የተበላሹ አልነበሩም። የተሳሳተ ሰው እጅ ነበር የገቡት።

የደም ማነስ ያለበትም ሰው አለ። ቀይ የደም ሴሉ ሲያንስ ብዙ ማሽኖች ስኳሩን ከእውነቱ ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ሲበዛ ደግሞ ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን የሚያርሙ ማሽኖች አሉ፣ የማያርሙም አሉ። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ቁጥሩን በድምፅ የሚነግረው ማሽን ይፈልጋል። ታይፕ 1 ያለበት ሰው ሲታመም ኪቶኑንም (ኢንሱሊን ሲያንስ ደም ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ ነው) መለካት አለበት፤ ኪቶን የሚለካው ሁሉም ማሽን አይደለም። አንዳንዱ የኢንሱሊን ፓምፕ፣ ማለትም ሰውነት ላይ ሆኖ ኢንሱሊን የሚሰጥ መሣሪያ፣ የሚነጋገረው ከአንድ የተወሰነ መለኪያ ጋር ብቻ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቀጭን ስትሪፕ ከጠባብ ጠርሙስ ማውጣት ያቅተዋል። (ይህን የምጽፈው ስትሪፕ ወለል ላይ በትኜ በለቀምኩበት ሌሊት ትዝታ ነው፤ ስኳር ሲወርድ የብዙ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል።)

እነዚህ ሰዎች ከጠቅላላው ታማሚ ጥቂት ናቸው። ጥቂት በመሆናቸው ለእነሱ የተለየ ማሽን መፍቀድ ቅናሹን አያፈርሰውም። ግን "ልዩ ፈቃድ" የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፣ በተግባር የወራት ጉዳይ። ሐኪሙ ቅጽ ይሞላል፣ ቅጹ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ማህተም ይጎድለዋል፣ እንደገና ይሄዳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለሌላ የሕክምና ዕቃ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ፈቃዱ ሲመጣ ያስፈለገኝ ጊዜ አልፎ ነበር። መልሱን ያመጣችልኝ ሠራተኛ ራሷ "በቃ ለሚቀጥለው ይሁንሽ" ብላ ሳቀች። ስኳር የወረደበት ሰው የሚቀጥለው ጊዜ ላይኖረው ይችላል።

የአቅርቦቱንም ነገር ላንሳ። ታኅሣሥ 2010 ላይ አቦት ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ እስከ 359 ሚሊዮን የሚደርሱ ስትሪፖችን መልሶ ሰበሰበ። ስትሪፖቹ በቂ ደም ቶሎ ስለማይስቡ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጡ ነበር። 2013 ላይ ደግሞ ላይፍስካን አንዱን ሞዴሉን ከገበያ ጠራ፤ ስኳሩ 1,024 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ማሽኑ ማስጠንቀቅ ሲገባው ራሱን ያጠፋ ነበር። ሁለቱም ግዙፍ፣ ስመ ጥር ድርጅቶች ናቸው። ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል። ብዙ አቅራቢ ባለበት ገበያ ሰዉ በማግስቱ ወደ ሌላ ማሽን ይዞራል። አንድ ብቻ ባለበት አገር ግን እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ሕዝቡ በሙሉ በአንድ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። የመጋዘን ክምችትም አያድንም፤ የተከማቸው ያው የተጠራው ስትሪፕ ነውና።

ለወዳጄ ይህን ስነግረው "ውሉ ላይ ቅጣት አለ" አለኝ። ቅጣት ስኳር አይለካም አልኩት።

ከዚያ የእሱን ዋና ክርክር የሚነካ ነገር አነሳሁበት። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን ሐምሌ 2013 ላይ በፖስታ ለሚላኩ ስትሪፖች ብሔራዊ ጨረታ ሥራ ላይ አዋለ። ያሸነፈው አንድ አቅራቢ አልነበረም፣ ብዙ ነበሩ። ሆኖም የ50 ስትሪፕ ክፍያ ወደ 10.41 ዶላር ወረደ፤ ከቀድሞው ከ70 በመቶ በላይ የቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ለመስበር የግድ አንድ አሸናፊ ያስፈልጋል የሚለው እምነት አይይዝም። ውድድር ያስፈልጋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ወዳጄ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። "የአሜሪካው ገበያ ስፋቱ ስንት ነው? ትንሽ አገር ያንን ለሁለት ከፍሎ ማን ይመጣለታል?" አለ። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ ዋጋው ሲወርድ አቅራቢዎቹ ርካሽ ርካሹን ብራንድ ብቻ እንዳያቀርቡ በሕግ መከልከል አስፈልጎ ነበር፤ በገበያው ላይ ከሚሸጠው ስትሪፕ በመጠን ቢያንስ 50 በመቶውን የሚሸፍኑ ዓይነቶች እንዲይዙ ተገደዱ። ብዙ አቅራቢ ስላለ ብቻ ምርጫ አለ ማለት አይደለም። ይህን አምኜለታለሁ።

ያላመንኩለት ቀጣዩን ጨረታ ነው። የተሸነፉት ኩባንያዎች ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ቢሮ ይዘጋሉ፣ ባለሙያ ያሰናብታሉ፣ ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ውሉ ሲያበቃ ለመወዳደር የሚመጣው ማነው? ሁሉም ታማሚ የአሸናፊውን ማሽን ይዟል። ሐኪሙ እሱን ለምዷል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ከእሱ ጋር ተገናኝቷል። አዲስ መጪ ይህን ሁሉ ገርስሶ ነው የሚገባው። ያኔ መደራደሪያው አቅም የማን እጅ ላይ ነው? መጀመሪያ ላይ ታማሚውን በማሽን ያሰረው ኩባንያ ነበር። አሁን የታሰረው መንግሥት ነው፣ እሱም በራሱ ፊርማ።

ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው አንድ ወይስ ብዙ የሚለው አይደለም። አንዱ ሲሰናከል ሁለተኛው የት ነው የሚለው ነው። ከመቶው 80 እጅ ለአሸናፊው፣ 20 ለሁለተኛው ቢሰጥ አሸናፊው አሁንም ትልቁን ገበያ ይዟል። ሁለተኛው ደግሞ አገር ውስጥ ይቆያል። ኪቶን የሚለካው፣ በድምፅ የሚናገረው፣ ማልቶስ የማያሳስተው ማሽን በዚያ 20 ውስጥ ያለ ቅጽና ያለ ማህተም ይገኛል። የመጀመሪያው ስትሪፕ ሲጠራ ለጊዜውም ቢሆን የሚዞርበት በር አለ። በቀጣዩ ጨረታም ቢያንስ ሁለት ተወዳዳሪ ይኖራል።

አንዳንዱ ሰው ይህ ሁሉ ክርክር ጊዜው አልፎበታል ይለኛል። ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀኑን ሙሉ የሚለካ ሴንሰር መጥቷል። ኒውዚላንድም ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ታይፕ 1 ላለባቸው ሰዎች ሴንሰሩን መሸፈን ጀምራለች። ደስ ይላል። ግን ሴንሰሩ የሚለው ነገር ከሰውነት ስሜት ጋር ሳይገጥም ሲቀር አሁንም የምንመለሰው ወደ ጣት ነው። ታይፕ 2 ያለበት፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የሚበዛው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ገና ሴንሰሩን አላየውም። ሴንሰሩም ቢሆን በጨረታ ነው የሚገዛው። ያው ጥያቄ በአዲስ ዕቃ ላይ፣ በሰፊ ገንዘብ፣ ተመልሶ ይመጣል። ሴንሰር ከፓምፕ ጋር ስለሚተሳሰር የመታሰሩ ነገር ይብሳል እንጂ አይቀልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚድነው ገንዘብ። ብዙ ጊዜ "ይህን ያህል ሚሊዮን ዳነ" ተብሎ ይነገራል። የት እንደገባ አይነገርም። ወደ ሌላ በሽታ መድኃኒት ቢሄድ እኔ አልቃወምም፤ ሌላውም ሰው ታሟል። ግን በቀን አንድ ስትሪፕ ብቻ የሚፈቀድለት ሰው ሁለት እንዲፈቀድለት ከዳነው ገንዘብ ጥቂቱ ቢመለስ፣ በማሽን ለውጡ የተናደደው ግማሹ ሰው ይረጋጋል። የሰው ልጅ የሚጎረብጠውን ነገር የሚቀበለው በምላሹ ያገኘውን ሲያይ ነው።

ባለፈው ይህን 80 እና 20 የሚለውን ሐሳቤን ለወዳጄ ጽፌ ላክሁለት። በቀይ አርሞ መለሰልኝ፣ እንደ አስተማሪ። ስለ ማልቶሱ ያሰፈርኩትን አልነካውም። ስለ ልዩ ፈቃዱ "በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደተፈቀደ ይቆጠራል ብለሽ ጻፊው" አለኝ፤ እኔ ያላሰብኩት ነው፣ ወድጄለታለሁ። 80 እና 20 የሚለው አጠገብ ግን ትልቅ ጥያቄ ምልክት አድርጓል። ደወልኩለት። "ቅናሹ ይቀንሳል" አለኝ። ምን ያህል ይቀንሳል ብዬ ጠየቅሁት። "ጨረታውን በሁለቱም መንገድ አውጥቶ ዋጋቸውን ማየት ነው እንጂ እኔ ከየት አውቃለሁ" አለ። በሁለቱም መንገድ ዋጋ መጠየቅ ይቻላል እንዴ አልኩት። ይቻላል አለኝ፣ ተጫራቹ ለብቻው ቢያሸንፍና 80 እጁን ቢያሸንፍ ብሎ ሁለት ዋጋ እንዲሞላ ማድረግ ነው። ታዲያ ለምን አታደርጉትም ስለው ስብሰባ አለብኝ ብሎ ዘጋው።